በእንጦጦ ብርድ የሚግል ኢንቨርተር፣ በብርዱ የሚራብ ባትሪ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር በላይ ያለውን ዳገት ተያይዞ ወደ እንጦጦ ጫፍ የሚወጣ መንገደኛ ሁለት ነገሮች ሲለወጡ ያስተውላል። አንደኛው አየሩ እየቀዘቀዘ መሄዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትንፋሽ እያጠረ መምጣቱ ነው። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ የአየሩ መሳሳት ደግሞ ቦታውን ያልለመደ ሰው ቆም እያለ እንዲተነፍስ ግድ ይለዋል። እነዚህ ሁለት የደጋ ጠባዮች ግን በሰው ላይ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። በጣሪያ ላይ በተተከለው የፀሐይ ሰሌዳ፣ በጓዳ በተሰቀለው ኢንቨርተርና ወለል ላይ በተቀመጠው ባትሪም ላይ ይሠራሉ። ይህን ሳያውቁ መሣሪያውን ያቆሙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ያወጡበት መብራት ጊዜው ሳይደርስ ሲከዳቸው ይታያል።

እንጦጦ ለኃይል እጦት እንግዳ አይደለም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ከዚህ ተራራ ወርደው አዲስ አበባን በፍልውሃ አካባቢ እንዲቆረቁሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች መካከል የቦታው ብርድና የማገዶ እጥረት ይገኙበታል። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ አብዛኛው ነዋሪ የመስመር ኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው እንዳይቆምበት ባትሪና ኢንቨርተር የሚያዘጋጅ ባለሱቅና ጸጉር አስተካካይ ጥቂት አይደለም። መስመሩ ባልደረሰበት የደጋ ገጠር ደግሞ የፀሐይ ኃይል የልጆች ማጥኛ፣ የስልክ ማስሞያና በጤና ኬላ ሌሊት ለምትወልድ እናት ብቸኛው ብርሃን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

በደጋ አካባቢ በተደጋጋሚ የሚነሡ ቅሬታዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኢንቨርተሩ ሥራ ሲበዛበት ይጮኽና ይዘጋል የሚል ነው። ሁለተኛው ባትሪው ገና ብዙ ሳያገለግል መያዝ አቃተው የሚል ነው። ባለንብረቱ ወዲያው የሚያማው ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ ነው። እርግጥ ጥራት የሌለው ዕቃ በገበያ ላይ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ደህናው ዕቃ እንኳ በአቀማመጥና በአሞላል ጉድለት ይበላሻል። ሁለቱ ቅሬታዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚጎትት መሆኑን ከዚህ በታች ማየት ይቻላል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ከፀሐይ ሰሌዳና ከባትሪ የሚገኘው ኃይል ቀጥተኛ ጅረት፣ በተለምዶ ዲሲ የሚባለው ነው። ቴሌቪዥን፣ የጸጉር መቁረጫና ሌሎችም የቤት መሣሪያዎች የሚፈልጉት ግን ባለ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ነው። ኢንቨርተር የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ጅረቱን በከፍተኛ ፍጥነት እየከፈቱና እየዘጉ ነው። በዚህ ጊዜ ከሚያልፈው ኃይል ጥቂቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

በምሳሌ ለማስረዳት፣ ከሚገባበት ኃይል 90 በመቶውን የሚያወጣ ኢንቨርተር 1,000 ዋት ሲያቀርብ ከባትሪው የሚወስደው 1,110 ዋት ያህል ነው። የቀረው 110 ዋት ሙቀት ሆኖ በሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ይህም ማለት አንድ የቀድሞ ዓይነት ባለ 100 ዋት አምፖል በትንሽ ሣጥን ውስጥ ዘግቶ እንደ ማብራት ነው። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጡት ጥርስ ጥርስ ያለው የአልሙኒየም አካልና ትንሽዋ ማራገቢያ ናቸው። እነዚህ ሥራቸውን ካልሠሩ መሣሪያው ራሱን ለማዳን መጀመሪያ አቅሙን ይቀንሳል፤ ቀጥሎም ይዘጋል። መዘጋቱ እንደ ብልሽት ቢቆጠርም በእውነቱ የጥበቃ ሥራ ነው።

ጉዳቱ መሣሪያው ሳይዘጋ ለረጅም ጊዜ ግሎ ሲሠራም አይቀርም። በኢንቨርተር ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ኮንደንሰሮች ይገኛሉ። በኤሌክትሮኒክስ ሙያ እንደ መመሪያ የሚወሰደው፣ የእነዚህ ኮንደንሰሮች ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ነው። ስለዚህ 20 ዲግሪ ጨምሮ የሚሠራ ዕቃ የዕድሜው ሩብ ብቻ ቀረለት ማለት ነው።

ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው

የእንጦጦ ነዋሪ አገሩ ብርድ ስለሆነ የኢንቨርተር ሙቀት አያሰጋኝም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ብርዱ በከፊል ያታልላል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው አየር እንደመሆኑ፣ ወሳኙ የአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን ብዛቱም ጭምር ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። የኢንቨርተሩ ማራገቢያ በደጋም ሆነ በቆላ እኩል ብትዞር፣ በደጋ የምትገፋው አየር ስስ ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር ይዛ የምትወጣው ሙቀት ያነሰ ነው።

ይኸው የአየር መሳሳት ለሌላ ሥራ ጠቅሟል። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖቹን የተከለው በዚህ ተራራ ላይ ነው። የከዋክብት ብርሃን በስስ አየር ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበት መሰናክል ያነሰ ነው። የፀሐይ ሰሌዳም ከዚህ ይጠቀማል፤ ጥርት ባለ ቀን ብርሃኑ ይበረታለታል፣ ብርዱም ምርቱን ይጨምርለታል። እንግዲህ ተራራው በአንድ እጁ ለሰሌዳው ሲሰጥ በሌላው እጁ ከማራገቢያው ይወስዳል ማለት ነው።

ብዙ አምራቾች በዕቃው ላይ የሚጽፉት አቅም እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል መቀነስ የተለመደ ስሌት ነው። በዚህ መሠረት እስከ 1,000 ሜትር የተመዘነ ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር በ3,000 ሜትር ላይ ያለማቋረጥ ሊጫንበት የሚገባው 800 ዋት ያህል ብቻ ነው። የአየሩ ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት በከፊል ሊያካክስ ይችላል። ሊያካክስ የሚችለው ግን ቀዝቃዛው አየር ወደ መሣሪያው መግባት ሲችል ነው። ኢንቨርተሩ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ወይም ቀን ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር ተጠግቶ ከተሰቀለ የተራራው ብርድ ለእርሱ የለም። ስስነቱ ግን አለ።

ሌላው ጠላት ጭስ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በሚነድበት ቤት ጥቀርሻው በማራገቢያዋ ክንፎችና በአልሙኒየሙ ጥርሶች ላይ ይለጠፋል። በበጋ የሚነሣው አቧራ በዚህ ላይ ሲጨመር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ያፍናል።

የባትሪው ረሃብ

ባትሪ በተቃራኒው የሚጎዳው በብርዱ ነው። በአገራችን በብዛት የሚሠራበት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሚሞላው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ቻርጅ መቆጣጠሪያው ያለውን ጅረት ሁሉ ይለቅለታል። ቀጥሎ ቮልቱን በአንድ ከፍተኛ ልክ ላይ ይዞ እስኪጠግብ ያቆየዋል። በመጨረሻም ቮልቱን ዝቅ አድርጎ እንደሞላ ይጠብቀዋል። ባለ 12 ቮልት ለሆነ ብዙ ባትሪ ሁለተኛው ደረጃ 14.4 ቮልት፣ ሦስተኛው 13.6 ቮልት አካባቢ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን የተሰጡት ባትሪው 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሲሆን ነው።

ባትሪው በቀዘቀዘ መጠን በውስጡ ያለው የኬሚካል ሥራ ይዘገያል፤ ስለሆነም ለመጥገብ ከፍ ያለ ቮልት ይሻል። የተለመደው ስሌት ለባለ 12 ቮልት ባትሪ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.024 ቮልት ያህል ነው። በእንጦጦ ዳገት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በጭቃ ወለል ላይ ያደረ ባትሪ ጠዋት 10 ዲግሪ ቢሆን፣ ከ25 ዲግሪ በ15 ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ 0.36 ቮልት ይጨመርለታል። የሚፈልገውም 14.4 ሳይሆን 14.76 ቮልት ይሆናል።

ይህ ካልተደረገ ባትሪው በየቀኑ ከጥጋቡ ትንሽ ጎድሎ ያድራል። ጉድለቱ በአንድ ቀን አይታወቅም። ቀስ በቀስ ግን በባትሪው ውስጥ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ የሰልፌት ድንጋይ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ያ የሳህኑ ክፍልም ዳግመኛ ኃይል አይቀበልም። ባለንብረቱ ይህን የሚያውቀው ቀድሞ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ይቆይ የነበረው መብራት ከእራት በኋላ መደንገዝ ሲጀምር ነው። በክረምት እንጦጦ በጉምና በደመና ተሸፍኖ ሲሰነብት ረሃቡ ይብሳል።

በቆላ የሚገኝ ባትሪ በአንጻሩ ቮልቱ እንዲቀነስለት ይፈልጋል። ካልተቀነሰለት ውሃውን እያፈላ ይጨርሳል። ስለዚህ በአፋር ተስተካክሎ የመጣ መቆጣጠሪያ ለእንጦጦ፣ የእንጦጦውም ለአፋር አይሆንም።

ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበት

ደህና የተባሉት ቻርጅ መቆጣጠሪያዎች የሙቀት መለኪያ ስላላቸው ቮልቱን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ችግሩ መለኪያው የት ነው ያለው የሚለው ነው። በብዙ ርካሽ መቆጣጠሪያዎች፣ እንዲሁም ኢንቨርተርና ቻርጀር በአንድ ሣጥን ተደርገው በሚሸጡት በአንዳንዶቹ መለኪያው ያለው በራሱ በሣጥኑ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የሚለካው የባትሪውን ሙቀት ሳይሆን የራሱን ነው።

አሁን ከላይ የተነሣውን ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። ባትሪው ወለል ላይ 10 ዲግሪ ነው። አየር ባጣ ሣጥን ውስጥ ያለው መለኪያ ግን 35 ዲግሪ ያነባል። መቆጣጠሪያው ባትሪው ሞቆታል ብሎ ቮልቱን ወደ 14.16 ዝቅ ያደርገዋል። ባትሪው የሚፈልገው 14.76 ነበር። ልዩነቱ 0.6 ቮልት ሲሆን፣ በዚህ ልዩነት ባትሪው በደንብ ሊሞላ አይችልም። ከዚህም በላይ ሣጥኑ በጣም ከጋለ የሚለቀውን የጅረት መጠን ራሱ ይቀንሳል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከምንጊዜውም በላይ በምትሰጥበት ሰዓት መሣሪያው የሚቀበለው ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ የኢንቨርተሩ መጋል ባትሪውን የሚያስርበው በዚህ መንገድ ነው። ኢንቨርተሩን ማቀዝቀዝና ባትሪውን ማጥገብ አንድ ሥራ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዕቃው በሽቦ የተንጠለጠለ የባትሪ ሙቀት መለኪያ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ያንን ገዝቶ ጫፉን በባትሪው ጎን ላይ ማጣበቅ ይበቃል። ይህ ከሌለ መቆጣጠሪያው በሚነካካ ቁልፍ የሚስተካከል እንደሆነ በባለሙያ አማካይነት ቮልቱን ለደጋው ማስተካከል ይቻላል። የጄል ባትሪ ከተለመደው ዝቅ ያለ ቮልት የሚፈልግ ስለሆነ የአምራቹን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት እየተስፋፋ የመጣው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ የብርድ ጭማሪ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሳለ ከተሞላ ይጎዳል። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ከቤት ውጭ እንዳያድር መጠንቀቅ ይገባል።

ስለ መቆጣጠሪያው ዓይነትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፒ ደብሊው ኤም የሚባለው ርካሹ ዓይነት ሰሌዳውን በባትሪው ቮልት ልክ ስለሚያሠራው ባለ 100 ዋት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 75 ዋት ብቻ ይሰጣል። ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለው የሰሌዳውን ትርፍ ቮልት ወደ ጅረት ለውጦ ስለሚጠቀምበት ከ90 ዋት በላይ ሊያደርሰው ይችላል። የሰሌዳ ቮልት በብርድ ስለሚጨምር የዚህኛው ጥቅም በደጋ ይበልጣል። ይኸው ጭማሪ ግን ጥንቃቄም ይጠይቃል። እያንዳንዳቸው 22 ቮልት የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ተያይዘው ሲቀጠሉ 44 ቮልት ይሰጣሉ ቢባልም፣ በውርጭ ማለዳ ወደ 47 ቮልት ይደርሳሉ። 45 ቮልት ብቻ የሚችል መቆጣጠሪያ በዚያ ማለዳ ይቃጠላል።

ሽቦውና በከንቱ የሚያልቀው ኃይል

ሙቀት የሚፈጠረው በኢንቨርተሩ ውስጥ ብቻ አይደለም። ከ12 ቮልት ባትሪ 1,000 ዋት ለማውጣት 90 አምፔር ያህል በሽቦው ውስጥ ያልፋል። ሽቦው ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ፣ ወይም ማሰሪያው ከላላ ግማሽ ቮልት እንኳ ቢጠፋ 45 ዋት ሙቀት በሽቦው ላይ ይቀራል። ኢንቨርተሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ስለዚህ በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል ያለው ሽቦ ወፍራምና አጭር መሆን አለበት። ከፍ ላለ ሥራ ባለ 24 ቮልት አሠራር ጅረቱን በግማሽ ስለሚቀንሰው በዚያው ሽቦ የሚጠፋው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሌላው በከንቱ የሚያልቀው ኢንቨርተሩ ምንም ሳያበራ ክፍት ሆኖ ሲውልና ሲያድር ነው። 15 ዋት ለራሱ የሚወስድ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ ማለትም 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ከቤተሰቡ የዕለት ቀለብ ከግማሽ የሚበልጠውን ሥራ የፈታ ሣጥን በላው ማለት ነው። እንደዚሁም የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ የእነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች ሥራ አይደለም። የማገዶውን ሸክም ከእናቶች ጀርባ የማውረዱ ጉዳይ ሌላ መፍትሔ የሚሻ ነው።

ከአገር ውስጥ የተገኘ ልምድ

የፀሐይ ኤሌክትሪክ ለኢትዮጵያ ገጠር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአንድ መንደር 10.5 ኪሎዋት የሆነ ጣቢያ ተተክሎ 300 ለሚሆኑ አባወራዎች ኃይል ይሰጥ ነበር። በ1989ም ወደ 30 ኪሎዋት አድጓል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ሸዋ በሬማና በአካባቢዋ አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ወደ 2,000 ለሚጠጉ ቤቶች አነስተኛ መሣሪያዎችን አዳርሷል፤ በዚያውም የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፍቷል። የሬማ ቤቶች መብራት በቀጥታ በዲሲ የሚሠራ ስለነበር ኢንቨርተር አላስፈለገውም። ነዋሪው ለጥገና የሚሆን ክፍያ እያዋጣ፣ የሠለጠኑ ሰዎችም በአቅራቢያው እየተገኙ መሥራታቸው የልምዱ ዋና ቁም ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶ ለሚሆነው ኃይል የሚደርሰው ከዋናው መስመር ውጭ፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል እንዲሆን አቅዶ ነበር። ባትሪ ደካማው ክፍል መሆኑ በመታወቁም በጤና ተቋማት ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ሥራ ላይ ውለዋል። ከሕዝባችን ብዙው የሚኖረው በደጋና በወይና ደጋ እንደመሆኑ፣ በእንጦጦ የሚታየው ችግር 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚገኘው ለደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬም ያው ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት በደጋ የሚኖር ተጠቃሚ የሚከተሉትን ቢፈጽም መሣሪያው ዕድሜ ይኖረዋል።

አንደኛ፣ ኢንቨርተሩን ከምድጃና ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ የአልሙኒየሙ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ እንዲቆሙ አድርጎ መስቀል ነው። ከላይና ከታቹ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ ይተውለት። ከባትሪው በላይ በቀጥታ መሰቀል የለበትም፤ የባትሪው ትነት ብረቱን ይበላዋልና።

ሁለተኛ፣ ከተጻፈው አቅም በደጋ አምስተኛውን ቀንሶ መጫን ነው።

ሦስተኛ፣ በየወሩ ኃይሉን አጥፍቶ አቧራውንና ጥቀርሻውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ የላላ ማሰሪያ ካለም ማጥበቅ ነው።

አራተኛ፣ ባትሪውን ከጭቃ ወለል አንሥቶ አየር በሚያገኝ የውስጥ ክፍል በእንጨት መደብ ላይ ማኖርና የሙቀት መለኪያው ባትሪውን የሚነካ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

አምስተኛ፣ የሌሊት መብራትን በዲሲ አምፖል አድርጎ ኢንቨርተሩን ሥራ ሲያበቃ መዝጋት ነው።

ስድስተኛ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ሰሌዳውን እንዳይነካ መከታተል ነው። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ የሰሌዳውን ብዙ ምርት ይወስዳል።

ሥራው መስተካከሉን ለማወቅ የቮልት መለኪያ ወይም ቴስተር ይበቃል። ጥቂት ሰዓት ያለ ሥራና ያለ ፀሐይ የቆየ ባትሪ 12.7 ቮልት ካሳየ ጠግቧል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣታቸው በፊት ይህን ቁጥር በደብተር የሚመዘግብ ቤተሰብ፣ የባትሪውን መድከም መብራቱ ከመጥፋቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ያውቃል። ባትሪ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ውዱና ቶሎ የሚያልቀው ነው። ለመተካት በግ ወይም የዓመት ገብስ ከመሸጥ አስቀድሞ፣ መለኪያዋን ከጋለው ሣጥን አውጥቶ በቀዘቀዘው ባትሪ ላይ ማኖር ይቀላል።